እውነተኛ ምስክር፣ የተሳሳተ ፍርድ

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ሳል አልለቅ ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚጠብቀው ምርመራ አባቱ ከሚያውቀው የተለየ ነው። አባት በተለያየ ቀን አክታ እየሰጠ፣ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎችን እስኪያገኝ ይጠብቅ ነበር። ልጅ ግን አክታውን ይሰጥና፣ ሁሉም በተሟላበት ቀን፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቲቢ ጀርም «ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይቀበላል። በመካከሉ የሆነው ትልቅ ነገር ነው። ባክቴሪያን በመልኩ ከመፈለግ በዘረ መሉ ወደ መፈለግ ተሻግረናል።

ይህ መሻገር ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ ገናም ያተርፋል። ነገር ግን ከእርሱ ጋር አንድ አዲስ ዓይነት ስሕተት መጣ። የጥንቱ ምርመራ ሲሳሳት ባለማየቱ ወይም አዛብቶ በማየቱ ነበር። የዘረ መል ምርመራ ግን ትክክል እያየ ወደ ስሕተት ሊመራን ይችላል። አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ለዚያ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ይሰጣል፤ እኛ ደግሞ መልሱን ወስደን ፈጽሞ ላልጠየቅነው ጥያቄ መልስ እናደርገዋለን። በዚህ ሐተታ የማነሣው ይህንን ነው፦ ዘረ መሉ ተገኘ ሲባል የተገኘው ምንድን ነው? ከመገኘቱስ ተነሥተን ምን ያህል ርቀን መሄድ እንችላለን? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው ምን ተጠየቀ?

ከቅርብ እንየው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ በዕቃው ውስጥ ባለው አክታ ላይ እጥፉን የሚሆን ፈሳሽ ትጨምርበታለች። ክዳኑን ገጥማ ትንጠዋለች፤ ታስቀምጠዋለች፤ እንደገና ትንጠዋለች። ከ15 ደቂቃ በኋላ ዝልግልጉ አክታ ቀጥኖ ውኃ ይመስላል። ከእርሱ 2 ሚሊ ሊትር ያህል በመምጠጫ ወስዳ በመዳፍ ውስጥ በምትገባ የፕላስቲክ ካርትሪጅ ውስጥ ትጨምራለች። ባርኮዱን ታስነብባለች፤ ካርትሪጇን ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ከተደረደሩት ትናንሽ በሮች በአንዱ አስገብታ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ያለው የመሣሪያው ሥራ ነው። ጀርሞቹን አጥምዶ ያጥባል፤ በድምፅ ሞገድ ይሰባብራቸዋል፤ ከውስጣቸው የወጣውን ዲኤንኤ አብዝቶ፣ የሚፈለገው ቁራጭ ሲገኝ የሚያበሩትን ጠቋሚዎች ይለካል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ አገሮች እንዲጠቀሙበት የመከረው የመጀመሪያው ካርትሪጅ፣ የሚያነበው 81 የዘረ መል ፊደላትን ነው። የቲቢ ጀርም ሙሉ ዘረ መል 4.4 ሚሊዮን ፊደላት ገደማ አሉት። ለእነዚያ 81 ፊደላት መመረጥ ጥሩ ምክንያት አለ። የቲቢን ጀርም ከሌሎች ይለያሉ፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችም አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጡት እዚያው ላይ ነው። በአንድ ጥይት ሁለት ወፍ ማለት ነው።

እንግዲህ መሣሪያው የተጠየቀው ይህ ነው፦ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያቺ ቁራጭ አለች ወይስ የለችም? ካለች ፊደሏ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም? ከወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሕመምተኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በውስጤ ያለው ሕያው ነው? የሚያስለኝ እርሱ ነው? ልጆቼን አስይዤ ይሆን? የትኛውን መድኃኒት ልዋጥ? በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው ሰው ነው፤ ካርትሪጅ አይሞላውም።

የሞተውና ሕያው

ዲኤንኤ ባለቤቱ ሲሞት ወዲያው አይጠፋም። የቲቢ መድኃኒቱን በሥርዓት ጨርሶ የዳነ ሰው ሳንባ ውስጥ የሞቱት ጀርሞች ቁርጥራጭ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በምድጃው የሚቀረው አመድ እሳት እንደ ነበረ በእውነት ይመሰክራል፤ አሁን ይነድ እንደ ሆነ ግን አይናገርም። በዚህ ምክንያት ሕክምና የጀመረ ሰው እየዳነ መሆኑን ለመከታተል ይህ ምርመራ እንዳይውል፣ ማይክሮስኮፕና ካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ ማየት) እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያዝዛል።

አንዲት የጎፋ እናት እናስብ። ባለፈው ዓመት የቲቢ መድኃኒቷን ጨርሳለች። ክረምት ገብቶ ብርድ መታት፤ ሳሉ ሦስት ሳምንት አለፈው። አክታ ሰጠች፤ ወረቀቱ «ተገኝቷል፣ መጠኑ በጣም ዝቅተኛ» ይላል። ይህ ቃል እውነት ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ መድኃኒቱን እንደ አዲስ ካስጀመራት ግን ሌላ ስድስት ወር ክኒን፣ ሌላ ስድስት ወር የጎረቤት ዓይን ይጠብቃታል። ከዚህም የሚከፋው፣ ሳሏን ያመጣው ሌላ ነገር፣ አስም ይሁን የሳንባ ጠባሳ፣ ሳይፈለግ ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ ሐኪሙ «የሞተ ጀርም ነው» ብሎ ቢያሰናብታት፣ ቲቢ የሚያገረሽ በሽታ ነውና ቤተሰቧን ሁሉ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ወረቀቱ ከሁለቱ አንዱን አይመርጥላትም። የሚመርጠው ታሪኳን የጠየቀ፣ ደረቷን ያዳመጠ፣ ራጅ ያየ፣ አክታዋን ለካልቸር የላከ ባለሙያ ነው። ካልቸር የሚያቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ትበቅላለህ ወይ?» ይላል። መልሱን ለመስማት እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዘመናችን እንዲህ ያለ ትዕግሥት ውድ ሆኗል፤ ሕያውን ከሙት የሚለየው ግን እርሱ ነው።

ነገሩን የሚያጠልቀው የመሣሪያው ዓይን እየሰላ መሄዱ ነው። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ጀርሞች መኖር አለባቸው። የመጀመሪያው ካርትሪጅ 130 ያህል ሲበቃው፣ በ2017 የመጣው አልትራ የተባለው 16 ያህል ይበቃዋል። ይህ ለሕፃናት፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለባቸው፣ አክታቸው ጀርም ለሚያንሰው ሁሉ ታላቅ ስጦታ ነው። ሆኖም ጥቂቱን ማየት በቻልን ቁጥር ያየነው ነገር ትርጉም እየሳሳ ይሄዳል። በአንድ ሚሊ ሊትር አሥር ሺሕ ዘንጎችን ማየት በሽታን ማየት ነው። የአሥራ ስድስት ጀርሞችን ዲኤንኤ ማግኘት ግን በሽታም፣ የበሽታ ትዝታም ሊሆን ይችላል። የአልትራ ሠሪዎች ይህን ስላወቁ «ትሬስ» የሚል አዲስ የውጤት ደረጃ ጨመሩ፤ ምልክት ብቻ አለ ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ላይ መሣሪያው ጀርሙ ሪፋምፒሲንን ይላመድ አይላመድ ሊናገር አይችልም፤ አልችልም ብሎም ይጽፋል። የወሰኑን ልክ የሚናገር መሣሪያ ክብር ይገባዋል። ያንን ቃል ተቀብሎ የሚያስብበት ሰው ግን ያስፈልገዋል።

የዚህ ነገር ጥልቁ ምሳሌ ከክፍለ ከተማችን ብዙም ሳይርቅ በጅማ መንገድ ዘነበወርቅ ይገኛል። አለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን ያገኘው በ1873 የሥጋ ደዌን ጀርም ካየው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ይህ ጀርም እስከ ዛሬ በላብራቶሪ ማብቀያ ላይ አልበቅል ያለ ነው። ተመራማሪዎች የሚያራቡት በአይጥ መዳፍ ወይም አርማዲሎ በሚባል እንስሳ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆንም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ሐንሰን ራሱ ጀርሙ በሽታውን እንደሚያመጣ ለማሳየት ካለው ጉጉት የተነሣ በ1879 ያለ ፈቃዷ የአንዲትን ሕመምተኛ ዓይን የበሽታውን ጀርም በያዘ ነገር ወጋ። በ1880 ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሆስፒታል ሥራው ተነሣ። የማስረጃ ፍላጎት ሰውን ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም። እንዲህ ላለው ጀርም የዘረ መል ምርመራ በረከት ነው፤ ማንንም ሳይጎዳ ከቆዳ ቁራጭ ይለየዋል። እዚህም ግን ወሰኑ ይከተለናል። የሥጋ ደዌ ጀርም ሙሉ ዘረ መል በ2001 ሲነበብ አንድ አስደናቂ ነገር ታየ። 1,600 ከሚያህሉት የሚሠሩ ዘረ መሎቹ ጎን ከ1,100 የሚበልጡ የሞቱ፣ ትእዛዛቸው የተበላሸ ዘረ መሎች አሉ። ሕያው ሆኖ ሳለ ግማሽ መጽሐፉ ሙት ነው። ፊደል መኖሩ ብቻውን ሥራ መኖሩን እንደማያረጋግጥ ተፈጥሮ ራሷ ጽፋ አስቀምጣለች።

ስምና ግብር

ባክቴሪያን በዘረ መል የመለየት ዘመን የተከፈተው ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ በ1977 ባወጡት ሥራ ነው። ሁሉም ሕያዋን የሚጋሩትን፣ ፕሮቲን የሚሠራውን የሕዋስ ክፍል ዘረ መል በማነጻጸር የሕይወትን የዘር ሐረግ መሳል እንደሚቻል አሳዩ። 16ኤስ የሚባለው ይህ ዘረ መል በባክቴሪያ ውስጥ 1,500 ያህል ፊደላት አሉት። ሁለት ባክቴሪያዎች በዚህ ዘረ መል ከ97 በመቶ በታች ከተመሳሰሉ የተለያየ ዝርያ ናቸው የሚለው ልማድ በ1990ዎቹ ጸና፤ በኋላ መስመሩ ወደ 98.7 አካባቢ ከፍ አለ። መስመሩ ከፍና ዝቅ ማለት መቻሉ ራሱ ይናገራል። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ናቸው፤ ባክቴሪያዎቹ አያውቁትም።

ከባዱ ችግር የሚመጣው ዝምድናና ግብር ሲለያዩ ነው። አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ በተበላሸ ሩዝ ማስመለስን የሚያመጣው ዘመዱና ለተባይ ማጥፊያነት የሚረጨው ሌላው ዘመዱ በ16ኤስ ሲታዩ ሊለያዩ አይችሉም ማለት ይቻላል። አባ ሰንጋን ገዳይ ያደረጉት ከዋናው ዘረ መሉ ውጭ የተሸከማቸው ሁለት ክብ ቁርጥራጮች ናቸው። አንዱ መርዙን፣ ሌላው ከሰውነት መከላከያ የሚሰውረውን ሽፋን ያሠራል። ሁለተኛው ቁራጭ የጠፋበት አባ ሰንጋ ስተርን በሚባል ስም ከ1930ዎቹ ጀምሮ የከብት ክትባት ሆኖ ያገለግላል። ይህን ክትባት ቢሾፍቱ ያለው የአገራችን የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ያመርታል። በስም አባ ሰንጋ ነው፤ በግብር የአርሶ አደሩ በሬ ጠባቂ ነው። ተቃራኒውም አለ። በ1994 በአሜሪካ ሉዊዚያና አንድን ሰው አባ ሰንጋ በሚመስል ሕመም ለሞት ያቀረበው ባክቴሪያ፣ በዝርያ ስሙ የሩዙ ባክቴሪያ ነበር፤ የአባ ሰንጋን መርዝ ዘረ መል ግን ተሸክሞ ተገኘ። በዘር ስም ብቻ የሚፈርድ ሰው ጠባቂውን ገዳይ፣ ገዳዩን ንጹሕ ይለዋል።

የተቅማጥ ጀርሞችም እንደዚሁ ናቸው። ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላና በሁላችን አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይ በዘረ መላቸው ሲመዘኑ አንድ ዝርያ ናቸው። ሆኖም ሳይንስ እስከ ዛሬ በሁለት ስም ይጠራቸዋል፤ የታመመ ልጅ ፊት የቆመ ሐኪም ሁለት ስም ያስፈልገዋልና። ስም ለማን አገልግሎት እንደሚወጣ ካልተጠየቀ፣ «ትክክለኛው ስሙ የትኛው ነው?» የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም። የዘር ሐረግ ለሚያጠና ሰው አንድ ናቸው፤ ለሚያክም ሰው ሁለት ናቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ወንበር ሲወስድ ግን ሰው ይጎዳል።

በሌላ አገር የተሠራ መለኪያ

የዘረ መል ምርመራ የሚያገኘው እንዲፈልግ የተነገረውን ነው። የሚነገረው ደግሞ አስቀድሞ ከተነበበው ነው። የቲቢ ጀርም ሙሉ ዘረ መል ለመጀመሪያ ጊዜ በ1998 ሲታተም የተነበበው ጀርም በ1905 በአሜሪካ ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ ዝርያ ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የሚገኙ የቲቢ ጀርሞች ሁሉ ከእርሱ ጋር እየተነጻጸሩ፣ ምን ጎደላቸው፣ ምን ተረፋቸው እየተባሉ ይነበባሉ። የሰው ቲቢ ስድስት ታላላቅ ወገኖች እንዳሉትም ተጻፈ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። በአፍሪካ ቀንድ ሕመምተኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች፣ በተለይም ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ናሙና ሰብስቦ በ2013 የወጣው ሥራ፣ በዝርዝሩ ላይ ያልነበረ ሰባተኛ ወገን አሳየ። ብዙዎቹ ናሙናዎች የመጡት ከአማራ ክልል፣ ከወልዲያ አካባቢ ነበር። ጥንታዊ ወገን ነው፤ ከሌሎቹ የተለየው ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድና ከዚያ ከተሰደዱ ሰዎች ውጭም እምብዛም አይታይም። አስቡት፦ ይህ ጀርም የወሎን ሰው ሲያስል፣ ሲያከሳ፣ ሲገድል ዘመናትን ኖሯል። ቲቢነቱ ይታወቅ ነበር። ወገኑ ግን በማንም መዝገብ ላይ አልነበረም፤ መለኪያው በሌላ አገር ስለተሠራ የጠየቀው አልነበረምና። ያልጠየቅነው ነገር እንደሌለ ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህ የዕውቀት ድህነት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉድለት ነው።

ሰባተኛው ወገን ከተገኘ በኋላም ጥንቃቄ አላበቃም። በአማራ ክልል የተሠራና በ2015 የወጣ ጥናት፣ ይህ ወገን የተገኘባቸው ሕመምተኞች ወደ ሕክምና የሚመጡት ከሌሎቹ ዘግይተው እንደሆነ አሳየ። በላብራቶሪም አዝግሞ ያድጋል። ምናልባት ቀስ ብሎ የሚያሳምም ስለሆነ ሰው ይታገሠው ይሆናል። ትልቅ ፍንጭ ነው። ግን አንድ የሰሜን ወሎ ገበሬ ዘግይቶ የሚመጣው ጀርሙ ዝግተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ መንገዱ ሩቅ፣ አዝመራው ያልተሰበሰበ፣ ኪሱም ባዶ ሊሆን ይችላል። የዘረ መል ማብራሪያ ንጹሕና ማራኪ ስለሆነ፣ መንገድና ድህነት የሚባሉትን የቆዩ ምክንያቶች ከዓይናችን እንዳይጋርድ መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ከመለኪያው ውጭ የወደቀ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ስዋዚላንድ፣ የዛሬዋ ኤስዋቲኒ፣ ታስተምራለች። በ2009 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከተሰበሰቡት ብዙ መድኃኒት የተላመዱ የቲቢ ጀርሞች 30 በመቶ ያህሉ ለውጣቸው ከእነዚያ ከ81 ፊደላት አለፍ ብሎ የሚገኝ ነበር። መሣሪያው «መላመድ አልተገኘም» ይላቸዋል። በ81 ፊደላቱ ውስጥ በእርግጥ አልተገኘም። ሰዎቹ ግን ጀርማቸውን የማይነካ መድኃኒት ሊውጡ ይችላሉ። ተቃራኒውም ይሆናል። ከ81 ፊደላት አንዷ ብትለወጥም የጀርሙ ፕሮቲን ሳይለወጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ መሣሪያው ለውጥ አየሁ ሲል መድኃኒቱ ግን አሁንም ይሠራል። ሁለቱንም ለማረም የሚረዳው ጀርሙን አብቅሎ ከመድኃኒቱ ጋር ማጋፈጥ ነው።

ዘረ መሉ የማን ነው?

ሌላው ስሕተት ዘረ መልን እንደማይለቀቅ የግል ንብረት ማየት ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ግሪፊዝ በ1928 የሳንባ ምች ባክቴሪያን ገዳይ ዓይነት በሙቀት ገድሎ፣ ከሕያውና ከማይገድለው ዓይነት ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ወጋ። አይጦቹ ሞቱ፤ በደማቸውም ሕያው ገዳይ ባክቴሪያ ተገኘ። የሞተው ለሕያው ጠባዩን አውርሶት ነበር። ያወረሰው ነገር ዲኤንኤ እንደሆነ ኦስዋልድ ኤቨሪና ጓደኞቹ በ1944 አሳዩ። ባክቴሪያዎች ከወላጅ ብቻ አይወርሱም፤ ከጎረቤት፣ ከባዕድ፣ ከሙትም ይወርሳሉ።

ትንሹ አቃቂ ወንዝ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ሲወርድ በዳርቻው ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይጠጣዋል። ከውኃው ናሙና ተወስዶ አንቲባዮቲክን የሚያመክን ዘረ መል ተገኘ እንበል። የተሸከመው ማን ነው? በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው ወይስ ምንም የማይጎዳ የአፈር ነዋሪ? ሕያው ነው ወይስ የሞተ? ዘረ መሉ ብቻውን አይነግረንም። ሆኖም እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በጎፋዋ እናት ሳንባ ውስጥ የሞተ ጀርም ዲኤንኤ ላያስፈራ ይችላል፤ በወንዙ ውስጥ ግን ባለቤቱ ቢሞትም ዘረ መሉን ሌላው ሊወርሰው ስለሚችል ያሳስባል። አንዱ ግኝት በአንድ ቦታ ትዝታ፣ በሌላ ቦታ ዛቻ ነው። ትርጉሙ በፊደሉ ውስጥ የለም፤ ፊደሉ ከተገኘበት ቦታና ከተጠየቀው ጥያቄ ጋር ሲጋጠም የሚወጣ ነው።

አንዳንዴም ዘረ መሉ ከናሙናው ጭራሽ የመጣ አይደለም። ዲኤንኤ ማውጫ ፈሳሾቹ ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ ይዘው ከፋብሪካ እንደሚመጡ፣ ናሙናው ጀርም ባነሰው ቁጥርም ውጤቱን እንደሚያጥለቀልቁት በ2014 የወጣ ጥናት በግልጽ አሳየ። በዚያው ዓመት የእንግዴ ልጅ የራሱ ባክቴሪያዎች አሉት ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራ። በ2019 ብዙ እናቶችን ያካተተ ጥንቃቄ የተሞላ ሥራ ሲወጣ አብዛኛው የዚያ ዓይነት ምልክት ከብክለት የመነጨ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ደግሞ በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ጣቢያዎች የአባ ሰንጋና ጥቁር ሞት የሚባለው ቸነፈር ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ተገኘ ተብሎ ከተማው ደነገጠ። የታመመ ሰው ግን አልነበረም። ቁርጥራጮቹ ከማይጎዱ ዘመዶቻቸው ሊለዩ የማይችሉ ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹም ጽሑፋቸውን አረሙ።

ከፍርድ የመገላገል ምኞት

ይህ ችግር ከዘረ መል ጋር የተወለደ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» መባልን ገና ድሮ ለምዶታል። በየክሊኒኩ የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራ በ1896 የተፈለሰፈ ነው፤ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ ያዘጋጀውን መልስ ነው። ሰውነት ደግሞ ያለፈውን በሽታ አይረሳም። የታይፈሱ ምርመራም በ1916 የመጣ ሲሆን የሚጠቀመው የታይፈስን ጀርም አይደለም፤ በአጋጣሚ የሚመሳሰለውን ሌላ ባክቴሪያ ነው። ስንት ሰው ባልያዘው በሽታ አንቲባዮቲክ ውጧል! ስንት ጀርምስ በዚያ ምክንያት መድኃኒት ተላምዷል! ዘዴው አረጀም፣ አዲስ ሆነም፣ ስሕተቱ አንድ ነው። ዱካን እንደ ባለቤቱ መቁጠር።

ለምን እንዲህ እንቸኩላለን? ባገራችን ታሪክ ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጥና፣ ወገቡ በመቀነት ተይዞ እየተንገዳገደ ይመራል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይያዛል። በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ። ልጁ ምንም አያይም ነበር፤ የዛሬው መሣሪያ ግን በእርግጥ ያያል። በዚህ ሁለቱ አይገናኙም። የሚገናኙት በእኛ ምኞት ነው። ምስክር ከመስማት፣ ከመጠየቅ፣ ከመመዘን፣ ተሳስተን ከሆነም ተጠያቂ ከመሆን የሚያድነን አንድ ነገር እንፈልጋለን። «እኔ አላልኩም፣ እርሱ ነው ያለው» ብለን የምንገላገልበት ነገር። ሌባ ሻይ ክፉ የሆነው በድንቁርናው ብቻ አልነበረም፤ ፍርድን ከሰው ኅሊና ላይ አውርዶ ለማይጠየቅ ነገር በማሸከሙም ጭምር ነው። እጅግ የረቀቀ መሣሪያም እንዲሁ ከተሸከመልን፣ ረቂቅነቱ ከበደሉ አያነጻንም።

ሮበርት ኮኽ በ1882 የቲቢን ጀርም ሲያስታውቅ ለማየት ብቻ አልቸኮለም። በሕመምተኞች ውስጥ አገኘው፤ ለብቻው አበቀለው፤ ያበቀለውን በእንስሳ ላይ አድርጎ ያው በሽታ ሲመጣ አየ። ማየት፣ ማሳደግ፣ ግብሩን ማረጋገጥ፦ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ኮኽ ራሱ በኋላ ኮሌራ በጤነኞችም እንደሚገኝ ሲያይ ጀርሙ በጤነኞች አይገኝም የሚለው ሕጉ እንደማይጸና ተቀበለ። እኛም እንደዚያ እንሁን። የዘረ መል ምርመራ በአንዱ ጥያቄ ላይ ከማንም በላይ ፈጣንና ስል ነው። የቀሩትን ጥያቄዎች ግን አላነሣልንም።

በሥራውም በኩል ሦስት ነገር ይከተላል። መጀመሪያ፣ ፈጣኑ ምርመራ መጣ ብለን ካልቸር የሚሠሩ ላብራቶሪዎቻችንን ማዳከም የለብንም፤ ሕያውን ከሙት፣ የሚድነውን ከማይድነው የሚለዩልን እነርሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ በወልዲያም፣ በጂንካም፣ በላፍቶም ያሉ ጀርሞች በራሳችን ተመራማሪዎች ሙሉ በሙሉ ተነብበው መለኪያው ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ይህ ለኩራት የሚሠራ ሥራ ሳይሆን የሕሙማን መብት ነው። ሦስተኛ፣ የላብራቶሪ ወረቀት ያየውን ይጻፍ፤ ፍርዱን ሕመምተኛውን የሚያውቅ ሐኪም ይስጥ፤ ሐኪሙም ለመጠየቅ ጊዜ ይሰጠው። ሰልፉ በበዛበት ጤና ጣቢያ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ከስድስት ወር የማያስፈልግ መድኃኒት ታድናለች።

ለአንባቢም አንድ ቃል አለኝ። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ካለብዎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ምርመራውን አይፍሩ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒትም በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። አክታ ሲሰጡ ግን ሳይጠየቁም ቢሆን ይህን ይናገሩ፦ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ከሆነ መቼ እንደጀመሩና መቼ እንደጨረሱ። መሣሪያው ይህንን ከቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም ግን ያለዚህ በትክክል ሊፈርድ አይችልም።